ግራውሉ ቢመለስም ክርክሩ አልበረደም

ጥያቄ፦ የስዊድኑን የሜታል (ከባድ ሮክ) ባንድ ኦፔዝን ለዓመታት ያደመጥን ጓደኛሞች ነን። ግማሾቻችን «ሜታልነቱ በ2011 በ‹ሄሪቴጅ› አልበም አከተመ» እንላለን። ሌሎቹ «ባንዱ ድሮም እንዲህ ነበር» ባዮች ናቸው። በ2024 ግራውሉ፣ ማለትም ከጉሮሮ የሚወጣው የሚያጓራ አዘፋፈን፣ ሲመለስ እንግባባለን ብለን ነበር፤ ጭራሽ ባሰብን። የትኛው ወገን ነው ልክ?

መልስ፦ «ሜታልነቱ» ስትሉ አራት ነገር በአንድ ቃል ትጠቀልላላችሁ፦ አዘፋፈኑን፣ የጊታሩን ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ ድምፁን)፣ ድራሙን፣ ኪቦርዱን። አራቱ የተለወጡት በአንድ ጊዜ አይደለም።

ከአዘፋፈኑ እንጀምር። በ2003 በወጣው «ዳምኔሽን» ላይ ግራውል ፈጽሞ የለም። የተቀዳው ግን ባንዱ ከሠራቸው እጅግ ከባድ አልበሞች አንዱ ከሆነው ከ«ዴሊቨራንስ» ጋር በአንድ ሰሞን ነው፤ ከባዱ ለአንዱ፣ ለስላሳው ለሌላው ተብሎ ሆን ተብሎ ተከፈለ። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ስቲቨን ዊልሰን የተጫወተው ሜሎትሮንም (በቴፕ የተቀዳ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ የሚያሰማ የድሮ ኪቦርድ) በኋላ ብዙዎች ያጉረመረሙበት የ1970ዎቹ ቃና ነው፤ ያኔ ግን ማንም «ባንዱ ከዳን» አላለም ማለት ይቻላል። በ2008ቱ «ዋተርሼድ» ላይ ደግሞ «ዘ ሎተስ ኢተር»ን ስሙ፤ ድራሙ በብላስት ቢት (እጅግ ፈጣን ምት) እየጋለበ የባንዱ ዘፋኝ ሚካኤል ኦከርፌልት በጠራ ድምፅ ይዘፍናል። ክብደትና ግራውል የግድ አብረው አይሄዱም ማለት ነው።

ታዲያ 2011 ምን አመጣ? እውነተኛው ስንጥቅ ያለው ጊታሩና ድራሙ ላይ ነው። በ«ሄሪቴጅ» ዲስቶርሽኑ ቀነሰ፣ የደብል ቤዝ (በሁለት እግር የሚመታ የእግር ከበሮ) ውርጅብኙ ሳሳ፣ ኦርጋንና ሜሎትሮን ከጀርባ ወጥተው ፊት ቆሙ። «ድሮም እንዲህ ነበር» ባዮች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ፤ «ዳምኔሽን» አንድ ጊዜ የተሞከረ ነገር ነበር፣ ከ«ሄሪቴጅ» እስከ 2019ኙ «ኢን ካውዳ ቬኔኑም» ያሉት አራት አልበሞች ግን መንገድ ናቸው።

የ2024ቱን «ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ስትሰሙ ዘፋኙን ለአፍታ እርሱት። በእኛ ጆሮ ጊታሩና ኪቦርዱ ከ2001ዱ «ብላክዋተር ፓርክ» ይልቅ ለ2019ኙ ይቀርባሉ። በ1970ዎቹ የገነነው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የጄትሮ ታል መሪ ኢያን አንደርሰን መጋበዙም ወዴት እንደሚያዘነብሉ ይናገራል። የተመለሰው ግራውሉ እንጂ የድሮው ባንድ አይደለም።

ስታወዳድሩ አንድ ስህተት ተጠንቀቁ። አልበሞቹ የተቀዱበት የድምፅ መጠን እኩል ስላልሆነ፣ ከፍ ብሎ የተሠራው ሁልጊዜ «የበለጠ ከባድ» ይመስላል። ከየአልበሙ ባንዱ በሙሉ ኃይሉ የሚጫወትበትን አንድ ደቂቃ ምረጡ፤ ጸጥ ካለ መግቢያ ጋር አታመሳክሩ። ከዚያ ቮልዩሙን በእጅ አስተካክሉና አዘፋፈኑን ትታችሁ ድራሙን ብቻ ተከታተሉ። በስልክ ስፒከር አትሞክሩት፤ ቤዙና የእግር ከበሮው ይጠፋሉ፣ ሁሉም አልበም ቀጭን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ግራውል የማይወድ ሰው ከየትኛው ይጀምር?

መልስ፦ ከ«ዳምኔሽን»፤ መክፈቻው «ዊንዶውፔን» ብቻውን ይበቃል። ቀጥሎ «ፔል ኮሚዩኒየን»፣ 2014። ከዚያ በጠራ ድምፅና በግራውል መካከል የሚመላለሰውን «ዘ ድሬፐሪ ፎልስ» ከ«ብላክዋተር ፓርክ» አሰሙት፤ አሥር ደቂቃ ያልፋልና ግማሹ ላይ እንዳያቋርጠው።