ብረቱ ሳይቀልጥ በኮምፒውተር ሲነደፍ

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ማግኔት ሲያገኘው የሚረዝም ብረት እንዳለ አነበብኩ። አሁን ደግሞ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የሌሉበትን ዓይነት በኮምፒውተር እየነደፉ ነው ይላሉ። ያልተሠራ ብረት ጠባይ እንዴት ይታወቃል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ እውነት ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1842 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በብረት ላይ አይቶታል። የሰፈር ትራንስፎርመር እዝዝ የሚለውም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው። ግን የንጹሕ ብረት ለውጥ ኢምንት ነው፤ የአንድ ሜትር ዘንግ በሚሊሜትር መቶኛዎች ብቻ ቢለወጥ ነው። ቴርፈኖል-ዲ የሚባለው ቅይጥ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ችግሩ ቴርቢየምና ዲስፕሮሲየም የተባሉትን ብርቅዬ ማዕድናት ይፈልጋል፣ ቻይና ደግሞ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የሁለቱን ኤክስፖርት በፈቃድ አድርጋዋለች። በዚያ ላይ ተሰባሪ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚነሣው የአተሞችን ጠባይ ከሚገዛው የኳንተም ሕግ ነው። ጥቂት አተሞች ያሉበትን ክሪስታል ወስደህ በጥቂቱ ትለጥጠዋለህ፣ የማግኔቱን አቅጣጫ ታዞራለህ፣ በእያንዳንዱ ሁኔታ ኃይሉን (ኢነርጂውን) ታሰላለህ። አቅጣጫው ሲዞር የሚመጣው የኃይል ልዩነት በመለጠጡ በጣም ከተቀየረ ተስፋ አለው። ዳገቱ ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ልዩነቱ ከጠቅላላው ኃይል አንጻር እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በስሌቱ ላይ ትንሽ ቸል ካልክ ውጤቱ በሙሉ ይበላሻል።

ግትርነቱንም ማስላት አለብህ። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፣ እኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ይመስለኛል። ብረት ላይ 19 በመቶ ገደማ ጋሊየም ሲጨመር፣ ማለትም ጋልፈኖል ሲሆን፣ ለውጡ ከንጹሕ ብረት ከ10 እጥፍ በላይ የሚያድገው ጋሊየሙ ክሪስታሉን በአንድ አቅጣጫ ስለሚያለሰልሰውም ጭምር ነው። ከዚያ በላይ ስትጨምር አተሞቹ በሌላ ሥርዓት መደርደር ይጀምሩና ውጤቱ ይወርዳል። በፍጥነት የቀዘቀዘውና ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው እንኳ አንድ አይደሉም። የተለመደው ስሌት ደግሞ የሚሠራው በፍጹም ዜሮ ሙቀት (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ በሌለበት) ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ እጩዎችን ይቀንስልሃል እንጂ ምድጃውን አይተካም።

«ብርቅዬ ማዕድን የለበትም» የሚለው ብቻ አያርካህ። ጋሊየም ከብርቅዬዎቹ ወገን አይደለም፣ ሆኖም ቻይና ከነሐሴ 2023 ጀምሮ እሱንም ትቆጣጠረዋለች። እኔ ብሆን ብረትና አሉሚኒየም ላይ አተኩር ነበር፤ ውጤቱ ከጋልፈኖል ያንሳል፣ ግን ርካሽ ነው፣ እንደልብም ይገኛል። ይህን ስሌት የሚሠራው ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል። መጀመሪያ ንጹሕ ብረትን አስላና ከታወቀው ልኬት ጋር አስተያየው፣ ከተቀራረበልህ አሉሚኒየሙን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር።