ከአርባው በኋላ

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ በሳንባ ምች ከሞተ 5 ወሩ ነው። እስከ ሠልስቱ ዕድርተኛው ከቤቴ አልጠፋም፤ ከአርባው ወዲህ ግን የጽዋ ማኅበርተኞቼ እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ቅዳሴ መቆም አቃተኝ። ጎረቤት «አታልቅሺ፣ እግዜርን ታስቀይሚያለሽ» ይለኛል። ባለቤቴ አረቄ ጠጥቶ እያመሸ ይገባል። የ6 ዓመቷ ልጄ ደግሞ «ማሙሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። (ከሞላሌ)

መልስ፦ እህታችን፣ እግዜር ያጽናሽ። አልቅሺ። ክርስቶስም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ቅዳሴው የሚከብድሽ ምናልባት እናቶች ሕፃናቸውን ታቅፈው ለቁርባን ሲሰለፉ ይሆናል። ለጊዜው በሥራ ቀን ጠዋት ለኪዳን ድረሺ፤ አጭር ነው፣ ሰውም አይበዛበትም። ለነፍስ አባትሽ «እግዜርን ተቀይሜዋለሁ» ማለትን አትፍሪ፤ ዳዊትም «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጸልዮአል። ለሙት ዓመቱ ብለሽም ከአሁኑ ዕዳ ውስጥ አትግቢ። ዋናው ጸሎቱ ነው፤ ንፍሮና ዳቦ ይበቃል። በግና ጠላው ለይሉኝታ እንጂ ለነፍሱ አይደለም።

ማኅበርተኞችሽ የሚሸሹት አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት ጠፍቶባቸው ነው፤ ስሙን ብናነሳ እናስለቅሳታለን ብለው ይፈራሉ። እንግዲህ በሩን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ። ሁሉንም በአንዴ አትጥሪ። አንዷን ምረጪና ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት፦ «ሐሙስ ከሰዓት እንዝርትሽን ይዘሽ ነዪ። እየፈተልን ስለ ልጄ ላውራሽ፤ ባለቅስም አትደንግጪ።» እጅ ሥራ ሲይዝ ፊት ለፊት መፋጠጡ ይቀራል፣ ወሬውም ይቀላል። ቀኑን ግን ቁረጪ፤ «ሲመችሽ ብቅ በዪ» ከተባለ ማንም አይመጣም። «ምን ላግዝሽ?» ለሚልሽም «ምንም» አትበዪ፤ ገብስ መልቀሙን ወይም ልጅቷን ትምህርት ቤት ማድረሱን ስጪው።

ልጅሽን «ተኝቷል» ወይም «ሩቅ አገር ሄዷል» አትበያት። ወይ እንቅልፍ ትፈራለች፣ ወይ በር በሩን ታያለች። «ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ ተመልሶ አይመጣም፤ ነፍሱ እግዚአብሔር ዘንድ ናት» በያት። ደጋግማ ብትጠይቅሽ ደጋግመሽ መልሺላት። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነም ሳትጠይቅሽ ንገሪያት፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች «ስለመታሁት ነው የሞተው» የሚለውን በሆዳቸው ይዘው ይኖራሉ።

አረቄ እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፣ ሐዘኑንም ያባብሰዋል። ባለቤትሽን ጠጥቶ ሲገባ አትከራከሪው፤ ጠዋት አናግሪው።

የልጅሽን ድምፅ የሰማሽ መስሎሽ ዘወር ብትዪ አትስጊ፤ በሐዘን የተለመደ ነው። ከ6 ወር በኋላም ሐዘኑ ሳይላላ ከሥራ ካስፈታሽ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ፤ ለሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል። «ልከተለው» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቂ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ብትገቢም የታዘዘልሽን መድኃኒት አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የ4 ቀን ሕፃን ሞቶባት ጡቷ ወተት ሞልቶ ተወጥሮባታል። ምን ላድርግላት? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ወተት ከወሊድ በኋላ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሞላል፤ ሕፃኑ ቢሞትም አይቀርም። ደገፍ አድርጎ የሚይዝ የጡት መያዣ ታድርግ። በመቀነት አጥብቆ ማሰር ወተቱን አግዶ ጡቱን ያሳብጠዋል፤ ይቅርባት። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጊላት። ውጥረቱ ሲብስባት ቀለል እስኪላት ጥቂት ብቻ ትለብ፤ ጨርሳ ካለበችው ይበልጥ ይሞላል። ለሕመሙ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ትችላለች፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጡቷ በአንድ ወገን ቀልቶ ትኩሳት ከያዛት ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

«ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ» አትበያት። ስም አውጥተውለት ከነበረ በስሙ ጥሪው።