ዳታችሁ 400 ጊዜ ወርዶ ምን ፈየደ? ጥያቄና መልስ ከአዳማ

የአዳማ የፊዚክስ ማስተርስ ልጆች ግሩፕ ውስጥ ማታ ላይ የተደረገ ነው። ርዕሱ፦ ለሰው ክፍት ያደረግነው ዳታሴት መጥቀሙ በምን ይታወቃል? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ፕላዝማው፦ መምህር ሰላም አመሹ? ዳታዬን ዜኖዶ ላይ፣ ተመራማሪዎች ዳታቸውን በነፃ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ላይ፣ ከጫንኩ ስድስት ወሬ ነው። 400 ጊዜ ወርዷል። አሪፍ ነው አይደል?

መምህር፦ ምኑን አውቄ? ዜኖዶ ሮቦቶችን ያጣራል፣ የሰውን ሐሳብ ግን አያጣራም። አውርዶ ያልከፈተውም አንድ ነው፣ ዓመት ሙሉ የሠራበትም አንድ ነው። ደግሞ እኛ ጋ አንዱ በካምፓስ ዋይፋይ ያወርድና በፍላሽ ለአሥር ሰው ያዳርሳል። ያም አንድ ነው። የዳውንሎድ ቁጥር አይታመንም።

ሶደሬ፦ ታዲያ በምን እንለካው?

መምህር፦ በተሠራበት ነገር! ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ያለው ሲኤምኤስ የተባለ ሙከራ የ2010 የፕሮቶን ግጭት ዳታውን በ2014 በሰርን የክፍት ዳታ ድረ ገጽ ለቀቀ። የሙከራው አባል ያልሆኑ፣ ኤምአይቲ (አሜሪካ ያለው ዩኒቨርሲቲ) ያሉ ሰዎች የመሩት ቡድን በዚያው ዳታ ጄቶች፣ ማለትም ከግጭቱ በአንድ አቅጣጫ የሚረጩ የቅንጣት ጭፍሮች፣ ውስጣቸው እንዴት እንደሚከፋፈል አጠና። በ2017 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ የተባለው ጆርናል ላይ ወጣ። ሦስት ዓመት ቆጥራችኋል? በስድስት ወር ቢለካ ኖሮ ዜሮ ነበር። ረዥሙ ፔፐራቸው ላይ ደግሞ ዳታውን ሲጠቀሙ የቸገራቸውን ጻፉ። ይሄ ለዳታው ባለቤት ከሳይቴሽን፣ በሌላ ፔፐር ከመጠቀስ፣ ይበልጣል።

የስበት ሞገድ የሚያድነውን የአሜሪካ ሙከራ፣ ላይጎንም ተመልከቱ። በየካቲት 2016 የስበት ሞገድ ማግኘቱን ሲያበስር ዳታውንም አብሮ ለቀቀ። በ2017 ኮፐንሃገን ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ዳታ ይዘው ስለ ኖይዙ፣ ከሞገዱ ጋር ስለተቀላቀለው የማይፈለግ ረብሻ፣ ጥያቄ አነሱ። ክርክሩ ጦፈ፣ ሌሎችም ገብተው እንደገና አሰሉ። ተቃውሞም ጥቅም ነው። ዳታው ተቆልፎ ቢሆን ማን ይከራከር ነበር?

ንፋሱ፦ መምህር ሁሌ የፈረንጅ ነው የሚጠሩት። እዚሁ ከተማችን ዳር ያሉት 136 የንፋስ ተርባይኖች ዳታስ?

ገሞራ፦ እሱ ኢንጂነሪንግ ነው ባክህ።

ንፋሱ፦ ተርቡለንስ፣ የንፋሱ መናወጥ፣ ፊዚክስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ገሞራ፦ ጀመረው ደግሞ!

ንፋሱ፦ አንተ ሌዘር ስለነካህ ፊዚክስን ጠቅልለህ ወሰድከው?

መምህር፦ ልጆች! ተርቡለንስ ፊዚክስ ነው። ተርባይኖቹ ግን የኔ አይደሉም። ቀጥሉ።

ሐይቅ ዳር፦ ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። የኔ ዳታ 90 ጊዜ ወርዷል፣ ትንሽ ነው?

መምህር፦ ወደ ላይ ወጥተሽ አንብቢ እህቴ።

ሶደሬ፦ ሰዎች በዳታዬ ይሠሩና የሚጠቅሱት ፔፐሬን ብቻ ነው።

መምህር፦ ሁሌ የምጮኸው ይሄንን ነው! ዳታው የራሱ ዲኦአይ፣ የማይለወጥ መለያ ቁጥር፣ አለው። መግባት ያለበት ማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ነው። ምስጋና ላይ አይደለም፣ ግርጌ ላይ አይደለም። እኔን አንዱ ጥናት ምስጋናው ላይ «አዳማ ያለው ወዳጃችን» ብሎ አልፎኛል። ወዳጅነት አይቆጠርም! ቨርዥኑንም አትርሱ። ዜኖዶ ለእያንዳንዱ ቨርዥን አንድ ዲኦአይ፣ ለሁሉም በጋራ ደግሞ ሌላ ይሰጣል። የሠራችሁበትን ቨርዥን ጥቀሱ። ካልሆነ ውጤታችሁን ማንም እንደገና ሠርቶ ማግኘት አይችልም።

ያልተጠቀሰውን የሚያገኘው ደግሞ የሚያነብ ሰው ነው። የሃብል ቴሌስኮፕ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ፔፐሮችን እያነበቡ ይመድባሉ። የጸሐፊው የራሱ ምልከታ ነው? ወይስ ቀድሞ ከተቀመጠ ማኅደር የወጣ ነው? ዛሬ በየዓመቱ የሚበዙት ከማኅደር የተሠሩት ናቸው። ይህ ከዳውንሎድ ቆጣሪ አይገኝም።

ገሞራ፦ ዳታ መልቀቅ ለማዕረግ እድገት ስንት ነጥብ ያስገኛል?

መምህር፦ ዲፓርትመንትህን ጠይቅ።

ንፋሱ፦ በአጠቃላይ ስለ ዳታ ምን ይመክሩናል?

መምህር፦ የቱ ዳታ? ጥያቄ አምጣ እንጂ ርዕስ አታምጣ።

ሐይቅ ዳር፦ ወጥቼ አነበብኩ መምህር። 90ው ምንም ማለት አይደለም ማለት ነው?

መምህር፦ ከዘጠናው አንድ ሰው ኢሜል ጽፎልሽ ያውቃል? «እዚህ ጋ ስህተት አለ» ያለሽ?

ሐይቅ ዳር፦ አንድ አለ። ተናድጄ አልመለስኩለትም።

መምህር፦ ዛሬውኑ መልሺለት። ዳታሽን ከልቡ ያየው እሱ ነው።

ፕላዝማው፦ መምህር፣ አሁን ሳየው 401 ሆኗል!

መምህር፦ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ኮለም ቮልት ነው ሚሊቮልት? የትም አልጻፍከውም።