ዕዳው እንዴት ወረራ ሆነ?

ጥያቄ፦ ኢራቅ ኩዌትን የወረረችው በድንበር ነው በገንዘብ? አገር ኢኮኖሚው ስለተጎዳ ብቻ ጎረቤቱን ይወራል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የድንበሩ ክርክር የቆየ ነው፤ በ1990 ነገሩን ያቀጣጠለው ግን ገንዘብ ነው (ዘመኑን የምንጽፈው በእ.ኤ.አ. ነው)። ኢራቅ ከኢራን ጋር 8 ዓመት ተዋግታ በ1988 ስታበቃ ዕዳዋ በግምት 80 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ደግሞ በ1990 መጀመሪያ በበርሜል ከ18 ዶላር በላይ የነበረው በጁን ወደ 14 ወረደ። እስቲ እናስላው፦ ኢራቅ በቀን 3 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ታወጣ ነበር፤ በ365 ሲባዛ ከ1 ቢሊዮን በርሜል ያልፋል። ዋጋው አንድ ዶላር በወረደ ቁጥር በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይቀርባታል ማለት ነው።

ችግሩ የምር ነበር። ጥፋተኛው ግን ተመርጦ የተገኘ ነው። ኩዌት ከኦፔክ (ዋጋ እንዳይወርድ ለአባላቱ የምርት ልክ ከሚመድበው የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር) ኮታዋ በላይ ማምረቷ ሐሰት አይደለም፤ የአረብ ኤምሬቶችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ካዝናውን ያራቆተው የ8 ዓመቱ ጦርነት ግን በባግዳድ ክስ ውስጥ እንደ ውለታ እንጂ እንደ ጥፋት አልተቆጠረም፤ ላበደሯት የባሕረ ሰላጤው አረብ አገሮች «ለእናንተም ነው የተዋጋነው፣ ዕዳውን ሰርዙልን» ነበር ነገሩ። የኢራቁ ፕሬዚዳንት ሳዳም ሁሴን በሜይ በተካሄደው የአረብ መሪዎች ጉባኤ ላይ ዋጋ ማውረዱን በኢራቅ ላይ የተከፈተ ጦርነት አድርጎ አቀረበው። የሚያሰጋው ቦታ ይህ ነው። የዋጋ ጠብ በኮታ ይፈታል፤ «ተዘመተብን» የተባለ ሕዝብ ግን የሚጠብቀው መልሶ መዝመትን ነው።

ጥያቄ፦ ኩዌት በእርግጥ ነዳጅ ሰርቃ ነበር?

መልስ፦ የሩማይላ የነዳጅ ማሳ አብዛኛው ኢራቅ ውስጥ ነው፤ ደቡባዊ ጫፉ ኩዌት ይገባል። ኢራቅ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ተዘርፌያለሁ አለች፤ ኩዌት በሰያፍ ቆፍራ ድንበር ተሻግራለች የሚለውም ያኔ በሰፊው ተወራ። ነገር ግን ነዳጅ ግፊቱ ወደቀነሰበት ስለሚሄድ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድም ከጎረቤት በኩል ይስባል። የጋራ ማሳ ያላቸው አገሮች አስቀድመው ድርሻቸውን ለክተው የሚፈራረሙት ለዚህ ነው።

ጁላይ 27 ኦፔክ ጄኔቫ ላይ የዋጋውን ጣሪያ ሳይሆን መነሻውን 21 ዶላር አደረገ፤ ኩዌትም ምርቷን ለመቀነስ ተስማማች። ወረራው የመጣው ከ6 ቀን በኋላ፣ ኦገስት 2 ነው። ጠቡ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ጄኔቫ ላይ ባለቀ ነበር።

ኖቬምበር 29 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅን ከኩዌት ለማስወጣት ኃይል እንዲፈቀድ ሲወስን በወቅቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያም ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። ኢራቅ ለወረራው ጉዳት ከነዳጅ ገቢዋ እየተቆረጠ የከፈለችው ካሳ 52.4 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ያለቀው በ2022 ነው።