ከሂሳብ ደብተሩ ይልቅ ቤዝቦል የሚወድ ልጅ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ9 ዓመቱ ልጄ ቤዝቦል ከጀመረ ምንም አይሰማም። የሂሳብ ደብተር ስከፍትለት ግን እንባው ይመጣል፤ ንባብም ከሁለት ገጽ አያልፍም። ቴሌቪዥኑን ልከልክለው? እኔ የጨዋታውን ሕግ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አይከልክሉት። ለብዙ ዓመታት እዚያው አሜሪካ ሂሳብ አስተምሬያለሁ፤ ክፍልፋይ አልገባው ያለ ልጅ የሚወደውን ተጫዋች ውጤት ሲያሰላ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሕጉን አለማወቅዎ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ እሱ ያስረዳዎት። ለእናቱ የሚያስረዳ ልጅ ሐሳቡን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይማራል።

አንድ ደብተር ይግዙለት። የሚወደው ተጫዋች ስንት ጊዜ ለመምታት ቆመ? ስንቱ ተሳካለት? የተሳካውን ለሙከራው ማካፈል ነው። በአራት የተበላሹ ውርወራዎች በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት የመጀመሪያ ማረፊያ) ከሄደ ግን ሙከራ ሆኖ አይቆጠርም፤ ይህን ራሱ ይነግርዎታል። ለማካፈሉ ማስያ ይጠቀም፤ ከመጫኑ በፊት ግን መልሱን ይገምት። ከ10 ሙከራ 3 የሚሳካለት መቺ በቤዝቦል የተከበረ ነው። ለሚያለቅሱ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነበር።

ከዚያ የታዋቂውን የቤዝቦል መቺ የቴድ ዊሊያምስን ታሪክ ይንገሩት። በ1941 የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ሲነጋ ከ448 ሙከራ 179 ተሳክቶለት ነበር። ልጅዎ ያካፍለው፦ 0.39955 ያገኛል። ወደ ሦስት አሃዝ ሲጠጋጋ 0.400 ስለሚሆን፣ ዊሊያምስ ሳይጫወት ቁጭ ብሎ ከ10 ሙከራ 4 የመምታትን ብርቅ ክብር መጠበቅ ይችል ነበር። «አንተ ብትሆን ትጫወታለህ?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ይጠብቁ። ዊሊያምስ በዚያ ቀን የነበሩትን ሁለቱንም ጨዋታዎች ተጫወተ፤ ከ8 ሙከራ 6 መታ፤ ዓመቱን በ0.406 ጨረሰ። ማጠጋጋትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ተጫዋቹ ዛሬ ከ4 አንድ፣ ነገ ከ3 ሁለት ቢመታ ድምሩ ከ7 ሦስት ነው። ልጁ ይህን ወደ ክፍል ወስዶ 1/4 እና 2/3 ሲደመሩ 3/7 ነው ካለ ይሳሳታል፤ ትክክለኛው 11/12 ነው። ጨዋታው ሙከራዎችን አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ክፍልፋዮችን አይደምርም። ይህን ልዩነት በደንብ የተረዳ ልጅ ከብዙ እኩዮቹ ይቀድማል። እንዲሁም ወርዋሪው 6.1 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ተጫወተ ሲባል ነጥቡ አስርዮሽ አይደለም፤ ለወርዋሪው አንድ ኢኒንግ ሦስት አውት (ተጋጣሚን ከጨዋታ ማስወጣት) ስላለው 6 ከ1/3 ማለት ነው።

ለንባቡ፣ ጨዋታውን መዝግቦ ባደረ ማግስት የዚያኑ ጨዋታ ዘገባ ይስጡት። የሆነውን ስለሚያውቅ ከባዱን ቃል ከታሪኩ ይገምተዋል፤ ጸሐፊው የዘለለውን ሲያገኝ ደግሞ ደስታው ሌላ ነው። ያንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስጽፉት። ቀስ ብሎ፣ በ1947 በትልቁ የቤዝቦል ሊግ ጥቁሮችን ያገለለውን የዘር አጥር ስለሰበረው ጥቁር ተጫዋች ስለ ጃኪ ሮቢንሰን የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ይከተሉ።

በጨዋታው መሐል ግን ጥያቄ አይደርድሩበት። በየውርወራው ከጠየቁት ኳሱንም ይጠላዋል። ሲደክመው ደብተሩን ይዝጉለትና አብረውት ቁጭ ብለው ይመልከቱ።