በሳይክል ለካንሰር ታማሚዎች፦ ባሌ ይቀድመኛል፣ ኮርቻው ያቃጥለኛል፣ ዘመድ ይጠረጥረናል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ባለፈው ዓመት በጡት ካንሰር አረፈች። እብጠቱን ካገኘችው በኋላ ለማንም ሳትናገር ብዙ ወራት ቆይታ ነበር። አሁን እኔና ባለቤቴ 900 ኪሎ ሜትር በሳይክል ተጉዘን፣ ሰው ስለ በሽታው እንዲያውቅ ለማድረግና ለታማሚዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ አስበናል። የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለን። እሱ ሳይክል ላይ ነው ያደገው። እኔ የምነዳው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ስነዳ መቀመጫዬ ይቃጠላል። “ቀስ ብለን እንሄዳለን” ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ከዓይኔ ይሰወራል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ “በሰው ገንዘብ ሽርሽር ልትወጡ ነው?” አለን፤ ነገሩ ከነከነኝ። ሐኪሞችም አይደለንም፤ መንገድ ላይ ለሚያገኘን ሰው ስለ ካንሰር ምን እንላለን? ምን ይመክሩኛል? በተረፈ ውሻ እፈራለሁ።

ከኋላ የቀረችው

መልስ፦

እህቴ፣ ነፍሷን ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

ከዘመድሽ ልጀምር። ቅር አይበልሽና ሰውየው ጥሩ ጠይቋል። ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ በሆዱ የሚያስበውን ነው በአፉ ያወጣው። መልሱን ከመነሳታችሁ በፊት ጽፋችሁ አሳዩት፦ ምግቡ፣ ማደሪያው፣ ጎማው ሁሉ ከራሳችሁ ኪስ፤ የተለገሰው ግን ሳይሸራረፍ ለታማሚዎች። ከተቻለ ደግሞ ገንዘቡ በእጃችሁ አይለፍ። አንድ የታመነ የካንሰር ታማሚዎች ማኅበር ወይም ሆስፒታል ፈልጉ። በስሙ ለማሰባሰብ ፈቃዱን በወረቀት ተቀበሉ። ሰው በቀጥታ ወደ እነሱ ሒሳብ ያስገባ። መንገድ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚዘረጋላችሁ አይጠፋም፤ የሒሳብ ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ካርድ ስጡትና አመስግኑት። ቅር ቢለውም ይሻላል።

ገንዘቡ ምን እንደሚሠራም ለይታችሁ ተናገሩ። “ለካንሰር” ብቻ ሲባል ሰው ምኑም አይያዝለትም። ድርጅቱን ጠይቁ። ለምሳሌ የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለተከታታይ ሳምንታት የሚሰጥ ነው። ከሩቅ የመጣ ታማሚ ሕክምናው ራሱ በነፃ ቢሆንለት እንኳ የት ያድራል? በምን ይመላለሳል? “የታማሚዎች ማደሪያና ትራንስፖርት” ብትሉ ሰሚው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን እምቢ በሉ። “በኪሎ ሜትር ይህን ያህል እሰጣለሁ” የሚል ቃል አትቀበሉ። ጉልበትሽ ቢያብጥ እንኳ “ብቆም የታማሚው ገንዘብ ይጎድላል” እያልሽ ትነጃለሽ። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስን አስቢ። በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ያጣ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን በሩጫ ሊያቋርጥ ተነሣ። 143 ቀን ሮጦ፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ላይ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለተዛመተ አቆመ። ያኔ የተሰበሰበው 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ምኞቱ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ማግኘት ነበር። በማግስቱ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ 24 ሚሊዮን አልፎ ምኞቱ ሞላ። አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ሩጫውን ካቋረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው የሚሰጠው ለኪሎ ሜትሩ አይደለም። መሃል ላይ ብታቆሚም ማንም ገንዘቡን መልሺ አይልሽም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። “ምን እንላለን?” ብለሽኛል። መልሱ እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፦ “ለማንም ሳትናገር ብዙ ወራት።” እኔ ብሆን ስለ ካንሰር ሁሉን ለማስተማር አልሞክርም፤ ያቺን አንዲት ነገር ይዤ እወጣለሁ። “ጡትሽ ላይ ከወትሮው የተለየ ነገር ካየሽ፣ ባያምሽም፣ ለሰው ንገሪ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ” በሉ። “ባያምሽም” የምትለዋ እንዳትረሳ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እብጠቱ ስለማያመው ነው። የተለየ ነገር ስል ጡት ወይም ብብት ላይ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ በተለይ ደም ያለበት። ከዚያ ወዲያው “አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም” ብላችሁ ጨምሩ። ውሸት አይደለም፤ ደግሞም ሰውን ካስፈራራችሁት እንደ እሷ ይደብቃል። ወንዶችም ከት ብለው ሲስቁ “እናንተንም ይይዛል፤ ቁጥራችሁ ግን ጥቂት ነው” በሏቸው። ይህን ባለቤትሽ ቢለው ይሻላል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳይክሉ ላይ የካንሰር ጽሑፍ ካለ ሰው ይከተላችኋል። ውሃ ልትገዢ በቆምሽበት አንዷ ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ “እኔም እዚህ ጋ...” ትልሻለች። አትመርምሪያት። “አይዞሽ፣ ምንም አይደለም”ም አትበያት፤ መሆን አለመሆኑን አታውቂማ! የመመርመሪያ ቦታና ስልክ ጽፈሽ ያዢ። ማን አብሯት እንደሚሄድ ጠይቂያት። ከቻልሽ እዚያው ቆማ ትደውል። መድኃኒት አውቃለሁ የሚልም ይመጣል፤ አመስግናችሁ እለፉት፣ ለሌላ ሰው ግን አታስተላልፉ።

አሁን ወደ ባልሽ። ጎበዝ የሆነ ሰው ቀስ ማለት አይችልበትም፤ ክፋት የለውም፣ እግሩ ነው የሚወስደው። እኔ ከባለቤቴ ጋር ስጓዝ መፍትሔ የሆነን ሻንጣው ነው። ድንኳኑ፣ መፍቻው፣ ውሃው፣ የምግቡ ከረጢት፣ ሁሉም እሱ ላይ ይጫናል። እኔ የዝናብ ልብሴንና መክሰሴን ብቻ እይዛለሁ። አሁንም ከቀደመኝ የኔን ጃኬትም እጨምርለታለሁ። እስኪስተካከል ድረስ። ዳገት ላይ አንቺ ከፊት ሁኚ፤ ፍጥነቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ንፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ እሱ ይቅደም፤ ከኋላው ተጠግተሽ ስትነጂ ድካሙ በደንብ ይቀንስልሻል። ፍሬን በድንገት እንዳይዝ ግን አስምይው። ጭቅጭቅ ሲነሣ እኛ ቤት ሕግ አለ፦ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይከራከሩበታል። አብዛኛው ጠብ ከሁለተኛው ጉርሻ አያልፍም።

ይህም ካልሆነ በአንድ ሳይክል ሁለት ሰው የሚነዳበት ታንደም አለ፤ እዚያ ላይ ማንም ማንንም አይቀድምም። እንግሊዛዊቷ ጄን ቶምሊንሰን የማይድን የጡት ካንሰር እንዳለባት እያወቀች እ.ኤ.አ. በ2003 ከወንድሟ ጋር ብሪታንያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋረጠችው በታንደም ነው። በ2006 ደግሞ አሜሪካን በሳይክል አቋርጣለች። ነገር ግን ታንደም ላይ አብሮ መንዳት ልምምድ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ለትዳር አይመከርም።

የመቀመጫሽ ነገር ይሻሻላል። ሰፊና ለስላሳ ኮርቻ እንዳትገዢ። ለአጭር መንገድ ይመቻል፣ ሰዓታት ሲቆጠሩ ግን ይፈትጋል። ክብደትሽ ሊያርፍ የሚገባው በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው፤ የኮርቻው ስፋት ለእነሱ የሚበቃ ይሁን። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ልበሺ፣ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም። (አዎ፣ ሁሉም መጀመሪያ ላይ እንዳንቺ ይደነግጣል።) ማታ ማታ ታጥቦ ይደር። ከፍታውን ለማየት ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች አውርጂው፤ እግርሽ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ጣትሽ ከደነዘዘ መሪውን የያዝሽበትን ቦታ ቶሎ ቶሎ ቀያይሪ።

900 ኪሎ ሜትር በ14 ቀን? ያለ ዕረፍት በቀን 64 ገደማ ነው። ሁለት ቀን ብታርፉ ደግሞ 75 ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚነዳ ሰው፣ ሻንጣ ተጭኖ፣ በየመንደሩ እየቆሙ እያወሩ ይህ አይሆንም። መንገዱን ወደ 650 አሳጥሩት። ሁለት ቀን አርፋችሁም በቀን 54 ገደማ ይደርሳችኋል። ለዝግጅት ሦስት ወር ስጡት፤ መጨረሻ አካባቢ ቅዳሜም እሑድም ተከታትላችሁ ንዱ። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ቀን ነውና እሱን ቀድመሽ ልመጂው። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማጣበቂያ፣ መንፊያ፣ የካቴና ዘይት አይቅር። ጎማ መቀየር አንቺም ቻይ፣ እሱ ከዓይን የተሰወረ ዕለት እንዳትቸገሪ።

ውሻው? አትሩጪበት። ቁሚ፣ ውረጂ፣ ሳይክሉን በአንቺና በውሻው መሃል አድርጊና በእግርሽ ቀስ እያልሽ እለፊ። ብዙዎቹ የሚያሳድዱት የሚሽከረከር ጎማ ሲያዩ ነው፤ ሲቆም ይተዉታል። ከነከሰሽ ግን ቁስሉን በብዙ ውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቢውና ቀጥታ ወደ ሐኪም። የዚያን ቀን ኪሎ ሜትር እርሱት።