ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የአባቴ ሳንባ ተቀድቶለት እንደገና ውሃ ቋጠረ፣ አስቤስቶስ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ አዲስ አበባ ይኖራሉ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ቀኝ ጎናቸውን ያማቸዋል፣ ደረቅ ሳል አላቸው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። በኋላ ራጅ ሲነሱ ቀኝ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ውሃው ተቀዳላቸው፣ የቲቢ መድኃኒትም ተጀመረላቸው። መድኃኒቱን ከጀመሩ ሁለት ወር ካለፋቸው በኋላ ውሃው ተመልሶ መጣ፣ ክብደታቸውም ቀነሰ። ወጣት ሳሉ፣ ከ1965 እስከ 1972 ዓ.ም.፣ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሞተር ክፍል መካኒክ ነበሩ። ከዚያ ብዙ ዓመት ጋራዥ ሠርተዋል። እዚህ ቴሌቪዥን ላይ ጠበቆች ሜሶቴሊዮማ ስለሚባል ካንሰር ማስታወቂያ ሲያስነግሩ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ምልክቱ ምንድን ነው? ቀደም ብሎ ማወቅስ ይቻላል? እናቴ የሥራ ልብሳቸውን ስታጥብ ነው የኖረችው። ወንድሜም አሁን ጋራዥ ነው የሚሠራው። እነሱንስ ያሰጋቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከዚህ ሆኜ ነው ወይም አይደለም ልልሽ አልችልም። ናሙና ሳይታይ ማንም ሐኪም ሊልሽ አይችልም። ግን ከጻፍሽው ውስጥ ሦስት ነገር ዓይኔን ያዘው። ውሃው በአንድ ጎን ብቻ ነው፣ ተቀድቶም ተመልሷል፣ አባትሽ ደግሞ የመርከብ ሞተር ክፍል ሠርተዋል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ውሃውን እንደገና ቀድቶ ወደ ቤት መሸኘት አይበቃም፤ ከሳንባው ሽፋን ላይ ናሙና መወሰድ አለበት። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን ያዢልኝ።

ሳንባን ከውጭ የሚሸፍን ስስ ልባስ አለ፣ በእንቁላል ቅርፊት ሥር እንደምትገኘው ስስ ቆዳ ያለ። ድርብ ነው፤ አንዱ ሳንባው ላይ ተለጥፏል፣ ሌላው ከጎድን አጥንት በውስጥ በኩል። በመካከላቸው ሳንባው እንዲንሸራተት የምትረዳ ጥቂት ፈሳሽ አለች። ሜሶቴሊዮማ የሚነሳው ከዚህ ልባስ ነው፤ ብዙ ሰው የሳንባ ካንሰር ይለዋል እንጂ በሽታው ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ። ከአምስት ታማሚ አራቱ ገደማ ላይ የሚወጣው በሳንባ ሽፋን ነው። ከቀሪዎቹ አብዛኞቹን የሚይዘው በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ነው።

ጠበቆቹ ማስታወቂያውን የሚያስነግሩት ደንበኛ ፍለጋ ነው፣ ግን በሽታውን ከአስቤስቶስ ጋር ማያያዛቸው ልክ ነው። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ ወደ ቀጫጭን ክር የሚሰነጣጠቅ ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፣ ርካሽም ነበር። ስለዚህ ባለፈው ክፍለ ዘመን ያልገባበት የለም፦ የጋለ ቧንቧ መጠቅለያ፣ የጣሪያ ክዳን፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን። ሲቆረጥ ወይም ሲፋቅ ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣዋል። ይህ ብናኝ በትንፋሽ ገብቶ እስከ ሳንባ ሽፋን ይደርሳል፣ ሰውነትም ሊያሟሟው ስለማይችል እዚያው ተቀምጦ ለዓመታት ያቆስላል። ካንሰሩ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች የ33 ታማሚዎችን ታሪክ ሲጽፉ፣ አብዛኞቹ ሰማያዊ የሚባለው የአስቤስቶስ ዓይነት በሚቆፈርበት አካባቢ የኖሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ለማዕድኑ የተጋለጡት ገና ልጅ ሳሉ ነበር።

የመርከብ ነገር ለብቻው ይነገር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ የአሜሪካ የጦር መርከቦች አስቤስቶስ እንደ ጉድ ነበረባቸው። በያኔው ባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ የነበረችው "ኢትዮጵያ"፣ ራሷ በዚያ ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች ነች። ለኛ የተሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። አባትሽ በየትኛዋ መርከብ ላይ እንደሠሩ አላውቅም፣ አንቺ ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ ግን "አስቤስቶስ ነክተህ ታውቃለህ?" ዓይነት ጥያቄ አይሁን፣ ስሙን ላያውቁት ይችላሉ። "ቧንቧውና ጭስ ማውጫው ላይ ነጭ መጠቅለያ ነበር ወይ? ስትጠግኑ ማን ነበር የሚቀደው? አቧራው ይጨስ ነበር?" በያቸው። ያረጀ መጠቅለያ ከመርከብ ወለል በታች፣ በተዘጋ ክፍል፣ በምጽዋ ሙቀት ተቀዶ ሲወጣ ብናኙ የትም አይሄድም። ያኔ አፍንጫን ስለ መሸፈን ማን ያስብ ነበር?

እኛ ሐኪሞች ደግሞ ስለ ሲጋራ መጠየቅ አንረሳም፣ ስለ ድሮ ሥራ ግን እንዘላለን። "ምን ይሠራሉ?" እንላለን፣ ሰውየው "ጡረታ ወጥቻለሁ" ይላል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። የ50 ዓመት ታሪክ በአንድ ቃል ተዘጋ። ስለዚህ ሳይጠየቁ መናገር የናንተ ፋንታ ነው። ሲጋራን ካነሳን አይቀር፣ ሜሶቴሊዮማን ሲጋራ አያመጣውም፤ አባትሽ አጭሰው የማያውቁ ቢሆኑ እንኳ ይህ ከዚህ በሽታ ነፃ አያደርጋቸውም። አስቤስቶስ ነክቶ የሚያጨስ ሰው ግን በሌላው፣ በዋናው የሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

አሁን ወደ ምልክቱ። ትንፋሽ ማጠሩ በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ ደረጃ ላይ፣ ቀጥሎ ዳገት ላይ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ይከብዳል፤ ሰውየውም "አረጀሁ" ብሎ እርምጃውን ይቀንሳል። ቤተሰብም አብሮ ይለምደዋል። ውሃው አንድ ሊትር፣ ከዚያም በላይ ሊጠራቀም ይችላል፣ ሳንባው ከሥር እየተጨፈለቀ ቦታ ያጣል። ሐኪም ጀርባቸውን በጣቱ ሲያንኳኳ በአንዱ ጎን ድምፁ ድፍን ይሆንበታል፣ በማዳመጫም ሲሞክር የአየር ድምፅ ይጠፋበታል። ውሃው ሲቀዳ ሕመምተኛው ቁጭ ብሎ ትራስ ላይ ደገፍ ይላል፣ መርፌው በጀርባ በኩል በጎድን አጥንት መካከል ይገባል፤ የሚወጣው ቢጫ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ነው። ያኑ ዕለት ትንፋሻቸው ይመለሳል። ሁሉንም የሚያዘናጋው ይኼ ነው፤ የዳኑ ይመስላል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ድፍን ያለ፣ እዚህ ጋ ነው ብለው በጣት የማያሳዩት፣ ሌት ተቀን የማይለቅ ነው። ወደ ትከሻ ወይም ወደ ላይኛው ሆድ ሊሄድ ይችላል። እኛ አገር ጎን ሲያም ብርድ ነው ይባላል፣ ይታሻል፣ ዝንጅብል ይጠጣል፣ ሁለት ሦስት ወር ያልፋል። ሳሉ ደረቅ ነው። ደም መትፋት በዚህ በሽታ ብዙም አይታይም፣ ከታየ ግን ቲቢም የሳንባ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት ነው። ክብደት መቀነስ፣ የማያቋርጥ ድካም፣ የሌሊት ላብ ይከተላል። የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ መቸገር፣ የደረት ግድግዳ ላይ እብጠት የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በሆድ በኩል የሚወጣው ደግሞ ሆድን ይነፋል፣ የምግብ ፍላጎት ያጠፋል። ሰውየው ቀበቶ ጠበበኝ እያለ ክንዱና ፊቱ ይመነምናል።

ቀደም ብሎ ማወቅ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ በሽታ ቶሎ አይናገርም። ደም ተመርምሮ የሚያጋልጠው አስተማማኝ ምርመራ እስካሁን የለም። ምንም ምልክት የሌለውን ሰው በየዓመቱ ሲቲ ስካን ማንሳትም ከዚህ በሽታ ለማዳን ሲረዳ አልታየም። በተግባር ብዙ ሰው ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ውሃው ራሱ ነው። ያንን ምልክት በሌላ በሽታ ስም ለወራት ማስታመም ነው ጉዳቱ።

የቲቢ ጉዳይ ላይ አባትሽን ያዩትን ሐኪሞች አልወቅስም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳንባ በአንድ ጎን ውሃ ሲቋጥር መጀመሪያ ቲቢ ማሰብ ተገቢ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቲቢ ተህዋሲያኑ ውሃው ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ ምርመራው ብዙ ጊዜ ኔጋቲቭ ይወጣል፣ ስለዚህ በምልክትና በውሃው ይዘት ተመርኩዞ መድኃኒት ይጀመራል። ችግሩ በሜሶቴሊዮማም ውሃው ላብራቶሪ ላይ ተመሳሳይ መልክ ሊያሳይ መቻሉ ነው። ልዩነቱን ጊዜ ይናገራል። ቲቢ ከሆነ ትኩሳቱ በጥቂት ሳምንት ይበርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ሰውየው ኪሎ ይጨምራል። አባትሽ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ሁለት ወር አልፏቸው ኪሎ ከቀነሱና ውሃው ከተመለሰ፣ ምርመራው ከሥር መታየት አለበት። መድኃኒቱን ግን በገዛ ፈቃዳችሁ እንዳታቋርጡ! መድኃኒቱ የማይሠራበት ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? መጀመሪያ በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ የሚነሳ ሲቲ ስካን። ራጅ ውሃውን ያሳያል፣ ሲቲው ደግሞ ሽፋኑ መወፈሩን፣ መጎርበጡን፣ ሳንባውን ዙሪያውን ጠፍሮ መያዙን ያሳያል። ሽፋኑ ላይ ጠንካራ ጠፍጣፋ ጠባሳ ቢታይ አትደንግጡ፤ አስቤስቶስ እንደነኩ የሚመሰክር ምልክት ነው፣ ራሱ ካንሰር አይደለም። ቀጥሎ ናሙና። ከተቀዳ ውሃ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም፣ ይህ በሽታ የውሃውን ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የተሻለው መንገድ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ ሽፋኑን እያዩ ቁራጭ መውሰድ ነው። ካሜራው በሌለበት በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየተመሩ በመርፌ ቁራጭ ማውጣት ይቻላል። የደረት ቀዶ ሕክምና ወይም የሳንባ ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ይሂዱ።

አንቺ ከቨርጂኒያ ልትረጂ የምትችይበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። የሜሶቴሊዮማ ናሙና በተራ ማቅለሚያ ብቻ አይለይም፣ ልዩ ማቅለሚያዎች ይፈልጋል። ናሙናውን የሚመረምረው የፓቶሎጂ ክፍል የናሙናውን ፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ቁራጭ) እንዲያስቀምጥላችሁ፣ ሲቲውንም በሲዲ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሁለቱ በእጃችሁ ካሉ ሁለተኛ አስተያየት ከየትም ማግኘት ይቻላል፣ አባትሽን አውሮፕላን ላይ ሳታንገላቱ።

ከሆነስ? ከባድ በሽታ ነው፣ አልሸነግልሽም። በአብዛኛው አይድንም፣ ይታከማል። ለዓመታት ዋናው መድኃኒት ፔሜትሬክሴድ ከሲስፕላቲን ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉትን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች አብረው እንዲሰጡ ፈቀደች። በተደረገው ጥናት ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበት የመካከለኛ ጊዜ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች የኖሩበት) ከ14 ወር ወደ 18 ወር ከፍ ብሏል። ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። ከመድኃኒቱ ሌላ ውሃው እንዳይመለስ የታልክ ዱቄት ረጭቶ ሁለቱን ልባስ ማጣበቅ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ መትከል ይቻላል። ሕመሙም ሞርፊንን ጨምሮ በደንብ ሊታከም ይገባዋል፣ ችሎ መኖር ግዴታ አይደለም። ትንፋሻቸው በድንገት ከጠበበ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ወይም ቁጭ ብለው ካልሆነ መተንፈስ ካቃታቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ሜሶቴሊዮማ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የልጅ ልጆቻቸው አጠገባቸው ይቀመጡ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጥያቄሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ካዛሌ ሞንፌራቶ በምትባለው ከተማ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ተዘጋ። እዚያ ፋብሪካውን ረግጠው የማያውቁ ሚስቶች የባላቸውን ቱታ እያራገፉና እያጠቡ ታመዋል። ቢሆንም አስቤስቶስ ከነካው ሰው አብዛኛው በዚህ ካንሰር አይያዝም። እናትሽ ደህና ከሆኑ ለዚህ ብለሽ ሲቲ አታስነሺያቸው። የማይለቅ ሳል፣ የጎን ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን "የባለቤቴን የሥራ ልብስ ለዓመታት አጥቤያለሁ" ብለው ለሐኪሙ ይንገሩት።

ወንድምሽ ደግሞ የፍሬን ሸራ ሲቀይር አቧራውን በኮምፕሬሰር እንዳይነፋ። አሜሪካ እንኳ ነጩ የሚባለው የአስቤስቶስ ዓይነት እንዲታገድ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ የአሮጌ መኪና ሸራ ምን እንዳለበት በዓይን አይታወቅም። በውሃ ያርጥበው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥሮ ይጣለው። የጨርቅ ማስክ ይህን ብናኝ አያስቀርም። ቱታውንም እዚያው ጋራዥ ያውልቀው፣ ቤት ይዞት አይግባ።